ጣፊያ ለምን ያብጣል? ስለ ደም እርሾና ስለ ማደሪያው

ስለ ጣፊያ በሬዲዮ ያቀረብነውን ንግግር ብዙዎቻችሁ በሥራ ሰዓት ስለሆነባችሁ እንዳልሰማችሁት ነግራችሁናል። ስለዚህ ጥቂት አስፋፍተን እነሆ በጽሑፍ አውጥተነዋል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እዚህ አገር በምንገለገልበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ነገሩን ያነሣው የአንዲት እናት ጥያቄ ነው። እኒህ እናት እኔ ወደምሠራበት ኩፓት ሆሊም የመጡት ራሳቸውን ታመው አልነበረም። ልጃቸው ሠራዊት በገባ ጊዜ የአፉን ውስጥ በጥጥ ጠርገው ናሙና ወስደውለት ኖሮ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ስልክ ተደወለለት። «የሕዋስህ ዓይነት ደሙን ከታመመ አንድ ሰው ጋር ገጥሟል፤ ታኤ ጌዛዕ ልትሰጠው ፈቃድህ ነው ወይ?» አሉት። ልጁም እሺ አለ። ወረቀቱን ቤት ይዞ መጥቶ ለእናቱ እየተረጎመ ሲያነብላቸው፣ «በሚሰጠው መርፌ ምክንያት ጣፊያ ለጊዜው ሊያብጥ ይችላል» ከምትል መሥመር ላይ ደረሰ። እናቲቱ ከዚያች መሥመር አላለፉም።

«አንቺ ልጄ፣» አሉኝ፤ «እኔ ጣፊያ ሲያብጥ አይቻለሁ። ሱዳን ላይ የእህቴ ልጅ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ ዓይኑ ነጭ ሆኖ ነው በእጄ ላይ ያለፈው። አሁን ደኅናውን ልጄን፣ አጥር የሚዘለውን ልጄን፣ ጣፊያውን ሊያሳብጡብኝ ነው?»

«አይዞዎት፣ ምንም አይደለም» ብዬ ልሸኛቸው እችል ነበር። በ1984 በኡም ራኩባ መጠለያ ሕፃናት እንደ ቅጠል ሲረግፉ ላየ ሰው ግን «አይዞዎት» መልስ አይሆንም። የፈሩት ያላዩትን ነገር ቢሆን ኖሮ ደግ ነበር፤ እሳቸው የፈሩት ያዩትን ነው። ስለዚህ ጣፊያ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚያብጥ፣ የልጃቸው እብጠትና የእህታቸው ልጅ እብጠት ለምን አንድ እንዳልሆነ ከሥሩ ማስረዳት ነበረብኝ። ለእናንተም የማቀርበው ያንኑ ነው።

በግ ያረደ ሁሉ ጣፊያን ያውቀዋል። ከጨጓራው ጎን ተለጥፎ የሚገኘው፣ ጥቁር ቀይ የሆነው፣ ቢላ ሲነካው ደም የሚያዥው ሥጋ ነው። በዕብራይስጥ ‹ትሖል› ይሉታል። በሰው ላይ በግራ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር ተደብቆ ይቀመጣል፤ ክብደቱም በጤነኛ አዋቂ ሰው 150 ግራም ያህል ነው። ጤነኛ ሲሆን በእጅ ተዳሶ አይገኝም። ሐኪሙ ሆዳችሁን በጣቱ ሲጫን ጣፊያን ካገኘው አድጓል ማለት ነው።

የዘወትር ሥራው ማጥለል ነው። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ከኖረ በኋላ ያረጃል፣ ይደርቃል። ጣፊያ በጠባብ መንገዶቹ ሲያሳልፈው፣ የማይታጠፈውን ሕዋስ ይይዝና ያፈርሰዋል፤ በውስጡ ያለውን ብረትም መልሶ ለሥራ ያውለዋል። ከዚህም ሌላ በደም ውስጥ የሚዞሩ ተሕዋስያንን ይይዛል። በአደጋ ምክንያት ጣፊያው የወጣለት ሰው መኖር ይችላል፤ ነገር ግን ክትባቶቹን በሚገባ መውሰድ አለበት፤ ትኩሳት ሲይዘውም ነገ ዛሬ ሳይል ወደ ሚዩን መሮጥ ይኖርበታል። ይህን በቅንፍ እለፉት፤ የዛሬው ጉዳያችን ሌላ ነው።

ስለ ቃላቱም ትንሽ ልበል፤ ግማሹ ፍርሃታችን የሚመጣው ከቃል ነውና። በዕብራይስጥ የአጥንት መቅኔ ‹ሞአኽ ኤጼም› ይባላል። ‹ሞአኽ› ብቻውን ሲነገር ደግሞ አንጎል ማለት ነው። «ከልጄ አንጎል ሊቀዱ ነው» ብለው ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኙ ያደሩ አዛውንት አውቃለሁ። ‹ጌዛዕ› የሚለውም እንዲሁ የዛፍ ግንድ ማለት ሲሆን፣ ዘር ማለትም ይሆናል። ልጆቻችን ‹ጊዝአኑት› የሚለውን ቃል በየሰልፉ እየሰሙ ስላደጉ ‹ታኤ ጌዛዕ› ሲባሉ ጆሯቸው ቢቆም አይፈረድባቸውም። እዚህ ላይ ግን ትርጉሙ የዛፉ ግንድ ነው። ቅርንጫፉ ሁሉ ከአንድ ግንድ እንደሚወጣ፣ የደም ሕዋሳትም ሁሉ ከአንድ ዓይነት ሕዋስ ስለሚወጡ በአማርኛም ግንድ ሕዋስ እንለዋለን።

እኔ ግን ለእኒያ እናት ያስረዳሁት በግንድ አይደለም፤ በእርሾ ነው። ሊጥ ከቦካ በኋላ ሁሉንም አሟጣችሁ አትጋግሩም፤ ጥቂት እርሾ ታስቀራላችሁ። የተጋገረው እንጀራ ሌላ ሊጥ አያቦካም፣ ተበልቶ ያልቃል። የቀረችው እርሾ ግን የሚቀጥለውን ሊጥ ታቦካለች፤ ከዚያም ላይ እንደገና እርሾ ይቀራል። ደማችንም እንዲሁ ነው። ቀይ ሕዋስ አንዴ ከተሠራ ራሱን አያባዛም፤ እንደ እንጀራው አገልግሎ ያልቃል። ሰውነታችን በየሰከንዱ ሁለት ሚሊዮን ያህል አዳዲስ ቀይ ሕዋሳት የሚሠራው በአጥንት መቅኔ ውስጥ ያሉ ጥቂት ግንድ ሕዋሳት እየተከፈሉ፣ ገሚሶቹ ደም ሲሆኑ ገሚሶቹ እርሾ ሆነው ስለሚቀሩ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። እዚህ አገር የገባንበትን የመጀመሪያውን ብርድ አስታውሱ። ያችው እርሾ፣ ያችው እጅ፣ ግን ሊጡ አልነሣ አለ። ወለሉ ድንጋይ፣ ቤቱ ቀዝቃዛ። አንዳንዱ ቡሃቃውን በብርድ ልብስ ጠቀለለ፣ አንዳንዱ ከማሞቂያው አጠገብ አስቀመጠ። ጉድለቱ ያለው ከእርሾዋ ሳይሆን ከማደሪያዋ ነበር። የደም ሐኪሞችም በብዙ ዓመት ድካም የደረሱበት ነገር ይኸው ነው። ግንድ ሕዋስ ብቻውን ምንም አይደለም። በዙሪያው የሚያሞቀው፣ የሚመግበው፣ «እዚህ እደር» የሚለው ቦታ ያስፈልገዋል።

ይህ እውቀት የተገኘው ደግሞ ከመቅኔ ብቻ ሳይሆን፣ በጣም በሚገርም ሁኔታ፣ ከአይጥ ጣፊያ ነው። በ1949 በቺካጎ ሊዮን ጄኮብሰን የሚባል ሐኪም አይጦችን በሚገድል መጠን በጨረር አስመታቸው፤ ጣፊያቸውን ግን እርሳስ በሚባለው ብረት ሸፍኖ ከጨረሩ አዳነው። አይጦቹ መሞት ሲገባቸው ብዙዎቹ ተረፉ፤ ደማቸውም ተመለሰ። በአይጥ ላይ ጣፊያ ዕድሜ ልኩን ደም ከመሥራት አያርፍም፤ በዚህ ከሰው ይለያል። የዳነውም ጣፊያ ለሰውነቱ ሁሉ እርሾ ሆነ።

ከዚያም በቶሮንቶ ጄምስ ቲል የተባለ የፊዚክስ ሰውና ኧርነስት ማክሎክ የተባለ ሐኪም በጨረር መቅኔያቸው የጠፋ አይጦችን ወስደው ከሌላ አይጥ የተቀዳ መቅኔ በደም ሥራቸው ሰጧቸው። ማክሎክ አንድ እሑድ ቀን አይጦቹን ሊያይ ወደ ላቦራቶሪው ሲገባ፣ መርፌው ከተሰጠ አሥር ቀን ያህል ሆኖት ነበር፤ ጣፊያቸው ላይ ትናንሽ እብጠቶች ተነሥተው አገኘ። ቢቆጥራቸው የእብጠቶቹ ቁጥር ከተሰጠው መቅኔ መጠን ጋር ይሄዳል፤ ለ10,000 የመቅኔ ሕዋሳት አንድ እብጠት ያህል ይደርሳል። ይህን በ1961 አሳተሙ። በ1963 ደግሞ ከአንድሩ ቤከር ጋር ሆነው እያንዳንዱ እብጠት ከአንዲት ሕዋስ ብቻ የበቀለ መሆኑን አረጋገጡ። እንግዲህ ግንድ ሕዋስ መኖሩ በግልጽ የታየው በጣፊያ ላይ ነው ማለት ነው።

ታሪኩ ግን እዚያ አላበቃም። ሬይ ስኮፊልድ የሚባል የማንቸስተር ተመራማሪ አንድ ነገር ይከነክነው ነበር። ከጣፊያው እብጠት የተወሰዱት ሕዋሳት ወደ ሌላ አይጥ ሲዛወሩ ከመቅኔ በቀጥታ እንደተወሰዱት አይዘልቁም፤ ቶሎ ይደክማሉ። በ1978 እንዲህ አለ፦ ግንድ ሕዋስን ግንድ አድርጎ የሚያቆየው በመቅኔ ውስጥ ያለ የራሱ ልዩ ቦታ ነው፤ ከዚያ ቦታ የወጣው ይበስላል፣ ያረጃል። ለዚህ ቦታ የመረጠለት የእንግሊዝኛ ቃል በግድግዳ ላይ የሚተውን ጎድጓዳ ማስቀመጫ የሚያመለክት ነው። እኛ በጭቃ ግድግዳ ላይ ለኩራዝ የምንተዋትን ጎድጓዳ ቦታ አስቡ። ኩራዙ እዚያ ሲቀመጥ ነፋስ አያጠፋውም። የስኮፊልድ ሐሳብ ለብዙ ዓመታት እንደ ሐሳብ ብቻ ኖረ፤ ቦታው ከምን ከምን እንደተሠራ ማየት የተቻለው በእኛ ዘመን ነው።

እንግዲህ መቅኔ ቋሚ ቤት ከሆነ ጣፊያ ምንድነው? ነገሩን ከካራቫን ጋር ባመሳስለው አትቀየሙኝ። ቤት ሲሞላ ወይም ቤት ሲፈርስ ሰው የሚያርፍበት፣ በጥድፊያ የሚዘጋጅ፣ ግን ምግብም መብራትም ያለው ቦታ ነው። (ካራቫን ውስጥ ስንት ዓመት እንደተቀመጥን እናውቃለን፤ ጣፊያ ግን ከዚያ በቶሎ ይለቃል።)

በ2015 በቴክሳስ፣ በዳላስ ከተማ፣ ሾን ሞሪሰን የሚመራው ቡድን ይህን ማረፊያ በአይጥ ላይ በዝርዝር አሳየ። መቅኔው በመድኃኒት በተጎዳ ጊዜ፣ ብዙ ደም በፈሰሰ ጊዜና በእርግዝና ጊዜ ግንድ ሕዋሳት ከአጥንት ተነሥተው ወደ ጣፊያ ይሄዳሉ። በጣፊያ ውስጥ ነጭና ቀይ የሚባሉ ሁለት ክፍሎች አሉ፤ እነሱ የሚያርፉት በቀዩ ክፍል፣ ግድግዳቸው ስስ በሆነ ሰፋፊ የደም መተላለፊያዎች አጠገብ ነው። እዚያ ሁለት ዓይነት አስተናጋጆች ይቀበሏቸዋል። አንደኞቹ የደም መተላለፊያውን ግድግዳ የሚሠሩት ሕዋሳት ናቸው፤ ሁለተኞቹ ከግድግዳው ውጭ ቆመው ሥጋውን የሚደግፉ ሕዋሳት ናቸው። ሁለቱም ኤስ ሲ ኤፍ የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫሉ፤ ይህ ለግንድ ሕዋሱ እንደ ቀለብ ነው። ከደጋፊዎቹም ገሚሶቹ ሲ ኤክስ ሲ ኤል 12 የሚባለውን ይጨምራሉ፤ ይህ ደግሞ መጥሪያም ማሰሪያም ነው።

በጣም ደስ የሚለኝ ክፍል ይህ ነው፦ አስተናጋጆቹ እንግዳው ሲመጣ ባሉበት ቁጥር አይቀሩም፤ ራሳቸውም ይባዛሉ። ችግር ሲመጣ ቤቱ ይሰፋል። ተመራማሪዎቹ የጣፊያውን ቀለብ ወይም ማሰሪያውን ሲያስቀሩበት፣ ጣፊያው ደም መሥራቱን አቃተው፤ የአይጦቹም ደም ቁጥር ወረደ፤ መቅኔያቸው ግን እንዳለ ነበር። ይህም ማለት ጣፊያ በችግር ጊዜ የሚያደርገው እርዳታ ለታይታ ሳይሆን እውነተኛ ነው።

ይህ ሁሉ የአይጥ ነው፤ ከሰው ጋር እንዳታምታቱት። ጤነኛ አዋቂ ሰው ደሙን የሚሠራው በመቅኔ ነው፤ ጣፊያው ደም ወደ መሥራት የሚመለሰው መቅኔው ሲያቅተው ነው። መቅኔው በጠባሳ በሚሞላበት በሽታና ታላሴሚያ በሚባለው የዘር የደም በሽታ ይህ ይታያል። ታላሴሚያን እዚህ አገር በተለይ ከኩርዲስታን በመጡ አይሁድና በአረብ ቤተሰቦች ዘንድ እናገኘዋለን። እንዲህ ያለው ጣፊያ በአንድ እጁ ደም እየሠራ በሌላ እጁ ያለውን ደም እያጠለለ ያጠፋል፤ እያደገም ሆድ ይሞላል። ለጊዜው የተሠራ ቤት ዋና ቤት ሲሆን የሚመጣውን ችግር እኛ አናጣውም።

የእናቲቱ የእህት ልጅ ጉዳይ ግን ከዚህም የተለየ ነው። ወባ ሲሆን ጣፊያ የሚያብጠው በዋነኛነት ተሕዋስያኑ የገቡባቸውን ቀይ ሕዋሳት እየያዘ ሲያፈርስ፣ ከበሽታውም ጋር ሲዋጋ ነው። በመተማና በሁመራ በኩል የነበራችሁ የምታውቁት፣ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛርም ጣፊያን ከወባ ይበልጥ ያሳድጋል። በእነዚያ ልጆች ላይ ጣፊያው ያበጠው በሽታው ስላለ ነው፤ እነሱን የጨረሳቸው ወባው፣ ካላዛሩ፣ ረኃቡና የደም ማነሱ እንጂ የጣፊያው ማበጥ ብቻውን አልነበረም። ይህን ስነግራቸው እናቲቱ ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ እኔ ጣፊያውን ነበር ስጠላው የኖርኩት» አሉ።

አሁን ወደ ልጁ መርፌ እንመለስ። ግንድ ሕዋስ ለመስጠት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በማደንዘዣ ተኝቶ ከዳሌ አጥንት መቅኔ መቅዳት ነው። ሁለተኛውና ዛሬ የተለመደው ግን ከክንድ ደም መውሰድ ነው። ግንድ ሕዋሳት በተለመደው ጊዜ በደም ውስጥ እጅግ ጥቂት ስለሆኑ፣ ለአራት ወይም ለአምስት ቀን በየቀኑ ከቆዳ ሥር ጂ ሲ ኤስ ኤፍ የሚባል መርፌ ይሰጣል። ይህ መርፌ የዘር ሐረጉ ወደዚሁ አገር ይደርሳል። በ1965 በረሖቮት ቫይዝማን ኢንስቲትዩት ዶቭ ፕሉዝኒክና ሌዮ ሳክስ የደም ሕዋሳትን በሳህን ላይ ማብቀል ችለው ነበር፤ ከዚያ ሥራና በአውስትራሊያ ከተሠራው ተመሳሳይ ሥራ ደምን የሚያሳድጉ ንጥረ ነገሮች እየታወቁ ሄዱ። መርፌው ግንድ ሕዋሱን ከአጥንት እንዴት እንደሚያስወጣው ደግሞ በዚያው ተቋም የጽቪ ላፒዶት ቡድን በ2002 አሳይቷል። ቅድም ያነሣናት ማሰሪያ በመቅኔው ውስጥ ትቀንሳለች፤ የላላችው ሕዋስም ወደ ደም ትወጣለች።

ከወጡት መካከል ብዙዎቹ ማረፊያ ፍለጋ በጣፊያ ያልፋሉ፤ ነጭ የደም ሕዋሳትም በመርፌው ብዛት ስለሚጨምሩ እዚያው ይከማቻሉ። ጣፊያው ለጥቂት ቀናት ከፍ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ልጁ አልታመመም፤ እንግዳ በዝቶበት ነው። መርፌው ሲቆም ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ይመለሳል። አብዛኛው ሰው የሚሰማው የአጥንት ቁርጥማትና ራስ ምታት ነው።

አደጋ ፈጽሞ የለውም ብዬ ግን አልዋሻችሁም። ያበጠ ጣፊያ ቆዳው ይወጠራል፤ እጅግ አልፎ አልፎ ሊቀደድ ይችላል። ስለዚህ መርፌ የሚወስድ ልጅ ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ድረስ ኳስ አይጫወት፣ ትግል አይታገል፣ ከባድ ነገር አያንሣ። በግራ በኩል ከጎድን በታች ጠንከር ያለ ሕመም ከተሰማው፣ ወይም የግራ ትከሻው ጫፍ ካለ ምክንያት ካመመው፣ እስኪነጋ ሳይጠብቅ ወደ ሚዩን ይሂድ፤ መርፌ እየወሰደ መሆኑንም ይናገር። ቀድሞ ወባ ይዞት የሚያውቅ ወይም በቅርቡ ወደ ኢትዮጵያ ሄዶ የተመለሰም ከመጀመሪያው ይግለጽ። ዕብራይስጡ ካልገባችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ሳይገባችሁ አትፈርሙ። ልጁም በራሱ ፈቃድ እንጂ በማንም ግፊት አይስጥ።

አንድ ቅር የሚል ነገርም ሳላነሣ ባልፍ አድማጮች ይታዘቡኛል። «በጥር 1996 የሰጠነው ደም በድብቅ ሲደፋ እንደነበር ሰምተን ኢየሩሳሌም ላይ የጮኽነው እኛ አይደለንም? አሁን ደግሞ መቅኔያችን እንዴት ተፈለገ?» ያሉኝ አባት አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ ያ ቁስል በአንድ የጤና ንግግር አይሽርም። እኔ የምመልሰው የሕክምናውን ብቻ ነው። የሕዋስ ዓይነት የሚወረሰው ከወላጆች ነው። ወንድምና እህት የመግጠም ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው። ከቤተሰብ ውስጥ ሳይገኝ ሲቀር፣ የሚገጥመው ሰው የሚገኘው በአብዛኛው የትውልድ ሐረጉ ከታማሚው ጋር ከሚቀራረብ ሰው ነው። የእኛ ማኅበረሰብ በዚህ አገር ከ160 ሺህ በላይ ሰው ነው። ከመካከላችን አንድ ልጅ ሉኬሚያ ቢይዘው፣ ከፖላንድ ወይም ከሞሮኮ በመጣ ሰው መዝገብ ውስጥ እርሾው የመገኘቱ ዕድል ጠባብ ነው።

ልጁ በመጨረሻ ሰጠ። እናቱ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው ደሙ በአንድ ክንዱ ወጥቶ በመሣሪያው አልፎ በሌላ ክንዱ ሲመለስ አራት ሰዓት ተኩል ያህል ጠበቁ። በየመካከሉ በግራ ጎኑ ላይ እጃቸውን ያሳርፉ ነበር፤ ነርሷ «እማማ፣ በእጅ አይገኝም» ብትላቸውም አልተዉም። ሲያልቅ ከረጢቷን አሳዩአቸው። ትንሽ ናት፤ ቀለሟም ውኃ የበዛበት በርበሬ ይመስላል።

«ይቺ ብቻ?» አሉ።

«እርሾ ናት፣ እማማ፤ እርሾ መቼ ቡሃቃ ይሞላል?» አልኳቸው።

ለማን እንደምትሄድ ጠየቁ፤ ስም እንደማይነገር ነገርኳቸው። ልጁ ከአሥር ቀን በኋላ ተመርምሮ ጣፊያው ወደ ነበረበት ተመልሷል፤ ኳሱ ግን ለሁለት ሳምንት ተከልክሎ ስለነበር እጅግ ተማርሮ ነበር። በዚህ ጉዳይ ላይ ጥያቄ ያላችሁ ለዝግጅት ክፍላችን ጻፉልን፤ በሚቀጥሉት የጤና ሰዓታት እንመልሳለን። ሰላም ሁኑ።